ጫልቱ ያልሳለችው ንድፍ

ሰኞ

በሩን ሁለት ጊዜ ሳልኩት። የመጀመሪያው እዚያው ቁጭ ብሎ አላየሁትም፤ በላዩ ላይ ሌላ በር ደረብኩበት። ቢሮ አብራኝ የምትሠራው ጫልቱ ከጀርባዬ ቆማ "ወይኒዬ፣ ይሄ ቤት ለሌባ ነው እንዴ ሁለት በር የምታደርጊለት?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ላልቅስ?

ጥቁር ስክሪን ላይ ቀጭን መስመር መፈለግ ድሮ ለእኔ ምንም ነበር። ጅማ ያለ ንድፍ ቤት ሁሉ ያውቀኛል። አሁን ቦታ ቦታው ይጠፋብኛል። መስመሩ መጥቶ መጥቶ ድንገት የለም፤ ራሴን ዞር ሳደርግ ደግሞ አለ። ሐኪሟ የዓይን ግፊት ነው አለችኝ፣ ግላኮማ። ጠብታ አዘዘችልኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ዓይኗ የደከመ ንድፍ ሠሪን ማን ሥራ ላይ ያቆያል?

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። መስመር በመስመር መሳሉን ትቼ ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲስልልኝ ቁራጭ ቁራጭ ኮድ እየጻፍኩ ነው። የበሩን ትእዛዝ ስጽፍ ስፋቱን ይጠይቀኛል፤ ቁጥሩን እሰጠዋለሁ፤ በሩ ከነመቃኑ ቁጭ! ኮዱ ጽሑፍ ስለሆነ ፊደሉን የፈለግኩትን ያህል አጉልቼ አነበዋለሁ። አንዴ ከጻፍኩት ለሁልጊዜ ነው። ማውስ ይዞ የመስመር ጫፍ ማሳደድ ቀረ።

ጫልቱ ለፍጥነት የማደርገው መስሏታል። "ማሎ፣ እባክሽ ወይኒዬ፣ ለእኔም ስጪኝ" አለች። ሰጠኋት።

ማክሰኞ

እሰይ! ዛሬ የሠራኋቸው፦

መስኮት።
ደረጃ።
ዓምድ ከነመሠረቱ።
የወረቀቱ ፍሬም።

ፍሬሙን ቶሎ እንዲያልቅልኝ ከጫልቱ አሮጌ ንድፍ ላይ እንዳለ ገልብጬ ኮድ አደረግኩት። ስጠራው ጠርዙም፣ የቢሮው ስምም፣ የፊርማው ቦታም አንድ ላይ ይመጣል።

የአጋሮውን የቡና መጋዘን ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት፤ ታች መጋዘን፣ ላይ ቢሮ። ድሮ ሳምንት ይፈጅ ነበር። ባለቤቱ ሐጂ ለቀማው ሳያልቅ ጣሪያ ማየት ይፈልጋሉ፣ አለቃችን ኢንጂነር ሰለሞንም መቆም መቀመጥ አቅቶት ሰንብቷል። ወረቀቱን ሲያይ "ወይንሸት፣ አንቺ ሰው ነሽ ማሽን?" አለኝ። ቆሞ ፈረመ። ወዲያው ተጠቅልሎ ለአጋሮ ሚኒባስ ሹፌር ተሰጠ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ይህን ያህል ከተደሰትኩ ቆይቻለሁ።

መሃል ላይ አንድ ነገር አስደነገጠኝ እንጂ። ዓምዶቹን በኮዱ እየደረደርኩ ስልኬ ጮኸ። የዓይን ክሊኒኩ ነው፣ የመጪውን ሰኞ ቀጠሮ ለማስታወስ። ጫልቱ እንዳትሰማ ብዬ የማቋረጫውን ቁልፍ፣ ኤስኬፕን፣ ተጫንኩና ትእዛዙን መሃል ላይ ቆርጬ ወደ ኮሪደር ሮጥኩ። ተመልሼ እንደ አዲስ ከመጀመር ብዬ የቀረውን በእጄ ሳልኩት።

ወደ ቤት ስሄድ ከጎኔ የመጣ ባጃጅ ልብሴን ነክቶኝ አለፈ። ሹፌሩ "ሴትዮ፣ ዓይንሽ የት ነው?" ብሎ ጮኸብኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ረቡዕ

አባባ አወቁ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሂርማታ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አሁን ጭራሽ አያዩም፤ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። እራት በልተን "ዛሬስ ምን ሠራሽ?" አሉኝ። እኔም በወሬ ተነሳሁ፣ ኮድ እንዲህ፣ ኮድ እንዲያ። ኮድ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ "እንደ እርስዎ ካርቶን በሉት" አልኳቸው። ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ ኪሱን በካርቶን ቆርጠው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ጨርቁ ላይ አስቀምጦ በጠመኔ መዞር ብቻ ነው።

"ብዙ ሠራሽ?" አሉኝ።

"ብዙ።"

"በአንድ ጊዜ ይሄን ሁሉ?"

"አዎ።"

እጄን ፈልገው ያዙ። ከዚያ "ወይኒ፣ እኔ ካርቶን ያበዛሁት የጠመኔው መስመር መጥፋት ሲጀምርብኝ ነው" አሉ። "ዓይንሽ ደከመ?"

"ምን የማይሆን ነገር ያወራሉ!" ብዬ ተነሳሁ። ሰሃኑን አንኳኩቼ አጠብኩ። ውሃውን ሁሉ ልብሴ ላይ ደፋሁት። ተመልሼ አጠገባቸው ቁጭ ስል ግን አልቻልኩም፣ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ራሴን እየዳሰሱ "ሌላ የማወርስሽ ነገር አጣሁ" አሉ። እሳቸውም አለቀሱ።

ሲረጋጉ የነገሩኝን ከዚህ በፊት ነግረውኝ አያውቁም። "ደንበኛ እንዳይሸሸኝ ብዬ ስደብቅ ነው የጨረስኩት። ሐኪም ቤት ስሄድ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። አንቺ የተረፈሽን ያዢ።" ጠብታ እንደታዘዘልኝ ስነግራቸው ከቦርሳዬ እንዳወጣ አዘዙኝ። እሳቸው ጋ ይቀመጣል፣ በሰዓቱ እሳቸው ይሰጡኛል። እንደ ልጅ!

ሐሙስ

ጉድ ፈላ።

በጠዋት የአጋሮው ፎርማን ደወለ። ልኬቱ አይገጥምም። አራት ሜትር መሆን ያለበት አንዱ ሦስት ከዘጠና ስድስት ይላል፣ ሌላው አራት ሜትር ከሦስት ሳንቲም። የላይኛው ፎቅ ዓምዶች ከታችኞቹ ላይ አያርፉም። ሐጂ ስለሚያጣድፉ ጉድጓዱ ከወዲሁ ተቆፍሯል፣ ብረቱ ገብቷል፣ ኮንክሪት ሊሞላ የቀረው አንድ ቀን ነው።

ኢንጂነሩ ቢሮ የቀረውን ቅጂ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ፊርማውን በመዳፉ ሸፈነ፤ ሳያይ የፈረመው እሱ ነዋ። ከዚያ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳርፎ "ጫልቱ!" ብሎ ጮኸ።

የሳለው፦ ጫልቱ። ይላል።

ከእሷ ንድፍ የገለበጥኩት ፍሬም ስሟንም ይዞ መጥቷል! 

"እኔ አልሳልኩትም ኢንጂነር፣ ወላሂ አልሳልኩትም!"

"ታዲያ ስምሽን ማን ጻፈው? ወይንሸት ያን ያህል የፈጠነችው አንቺ ስለሳልሽላት ነዋ! ከቅዳሜ በኋላ እንዳትመጪ።"

ገና ቋሚ እንኳ አልሆነችም። ደዶ ያለችው እናቷ የምትጠብቀው እሷን ነው። ጫልቱ ወደ እኔ ዞረች። ማን እንደሳለው ታውቃለች፣ እስክናገር እየጠበቀች ነው። እኔ ምን አልኩ? "እስቲ ፋይሉን ልየው" አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ቱ! ለእኔ ብሎ ሰው።

ፋይሉን ከፍቼ አጉልቼ አጉልቼ አየሁት። ገባኝ። ማታ ለአባባ እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው፦ ስናፕ የሚባል ነገር አለ፣ መስመር ስስል ጫፉን ከሌላው ጫፍ ጋር ስቦ የሚያገጥምልኝ። ሲይዝ ትንሽ አረንጓዴ ካሬ ትታያለች። ኮዴ ሥራውን ሲጀምር ስናፑን ያጠፋዋል፣ ሲጨርስ መልሶ ያበራዋል። እኔ ማክሰኞ ስልክ ሲጮህ መሃል ላይ ቆረጥኩት። ጠፍቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ በእጄ የሳልኩት ሁሉ በግምት ነው የተቀመጠው። ካሬዋ መቅረቷን ማንም ጀማሪ ያያል። እኔ አላየሁም።

አባባ ሁሉንም ሰሙና "ልጅቷስ?" አሉ። ጠብታውን ይስጡኝ አልኳቸው። ሰጥተውኝ ፊታቸውን አዙረው ተኙ።

ዓርብ

ተናገርኩ።

ኢንጂነሩ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ፣ ጫልቱም ባለችበት። ንድፉን የሳልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ስሟ እንዴት እንደመጣ፣ ስናፑ እንዴት እንደጠፋ፣ ዓይኔም። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ነገርኩት።

ይጮኻል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና "በዚህ ዓይን ስንት ንድፍ አውጥተሻል?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። የአሰንዳቦው ክሊኒክ አለ፣ እዚህ ጅማ የተሠሩ ቤቶች አሉ። ሰው እየኖረባቸው ነው። ይህን እስካሁን አስቤው አለማወቄ ከሁሉ አስፈራኝ።

አጋሮ ደውሎ አዲስ ንድፍ እስኪመጣ ኮንክሪቱን አስቆመ። ያለፉት ወራት ንድፎች በሙሉ እንደገና ይታያሉ። ጫልቱን "ሥራሽን ቀጥዪ" አላት፣ ይቅርታ ብሎ ነገር የለም። ለእኔ ደግሞ "ከእንግዲህ ንድፍ አትነኪም። ስለቀረው ሰኞ ከሰዓት እንነጋገራለን።"

ምሳ ሰዓት ጫልቱ ብቻዋን ወጣች። ስትመለስም አላናገረችኝም። ልክ ናት። አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብያታለሁ።

ቅዳሜ

አትምጪ ያለኝ ስለሌለ ሄድኩ። ጠረጴዛዬ ላይ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፣ እንደ እንግዳ።

ጫልቱ ወንበሯን እየጎተተች መጣች። ፊቷ አልተፈታም። "እኔም በኮድሽ እየሠራሁ ነው" አለች። "ነገ እኔም መሃል ላይ ብቆርጠውስ? አስተካክዪው።"

ጻፍኩ። ትእዛዙ ሲጀምር ሁሉ ነገር እንዴት እንደነበር ያስታውሳል፤ በኤስኬፕም ይሁን በሌላ መሃል ላይ ቢቆረጥ፣ ወደ ነበረበት መልሶ ይወጣል። ይህቺ ራሷን የቻለች ቁራጭ ኮድ ናት፣ በሩም መስኮቱም ዓምዱም ውስጥ ያቺው ትገባለች። ትላንት ለምን አልጻፍኳትም? ያለፈው ሳምንትስ? ስቸኩል! ከፍሬሙም ላይ የጫልቱን ስም አወጣሁት። ከአሁን በኋላ በተጠራ ቁጥር ማን እንደሳለው ይጠይቃል።

ጫልቱ ልትሞክረው የዓምዱን ትእዛዝ ጠራችና መሃል ላይ ኤስኬፕን በንዴት ደቃችው።

"ስናፑ በርቷል?" አልኳት።

"በርቷል። ካሬዋ ይቺውና።"

ስክሪኑ ላይ ተደፍቼ ፈለግኩ። ራሴን ወዲህ አልኩ፣ ወዲያ አልኩ። የለችም።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አለች አልኩሽ እኮ።"

እሺ አልኩ። እሷ ካለች አለች።

የአጋሮውን ንድፍ እንደ አዲስ ጀመርነው። ማውሱን እሷ ያዘች፣ እኔ ትእዛዝና ቁጥር እነግራታለሁ፤ አንድ መስመር በጎደለ ቁጥር "ቆዪ፣ አልገጠመም" ትለኛለች። ለመውጫ ሰዓት ሲቃረብ ታችኛው ፎቅ አለቀ። ፍሬሙን እኔ ጠራሁት። የሳለው ማን ነው? ብሎ ጠየቀ። እጄ ልማድ ሆኖበት "ወይን" ብሎ ጀምሮ ነበር። አጠፋሁትና ኪቦርዱን ገፋሁላት። ጫልቱ ትንሽ አየችኝ፣ ከዚያ ስሟን ጻፈች።

ስንወጣ ደረጃው ላይ "ወይኒዬ፣ ቀኝሽን ያዢ፣ እዚህ ጋ ተሰብሯል" አለችኝ። ወይኒዬ ካለችኝ ሦስት ቀን ሆኗት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ጋ ነኝ፣ ከሰዓት ኢንጂነሩ ጋ። የትኛው እንደሚብስ እንጃ። አባባ ጠብታውን ይዘው እየጠሩኝ ነው።