ያን ቀን ያልተተኮሰው ጥይት

ለውድ አባቴ ለሃምሳ አለቃ ሀይለማርያም
ደብረ ማርቆስ

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ከሩቅም ሆኜ ጉልበትዎን ስሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ያ የወገብዎ ሕመም በብርዱ ተነሣብዎ ወይስ ዘንድሮ ማረዎት? የዓይን ጠብታውስ ተስማማዎት? እማዬስ ደም ግፊቷ እንዴት ነው? ጨው እተዋለሁ ብላ ቃል ገብታልኝ ነበር፤ እንዳልተወች ግን እዚህ ሆኜም ይታወቀኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አፀደ ያንኑ ሽማግሌና በሽተኛ የመንከባከብ ሥራዋን ትሠራለች፤ እኔም ኤርፖርት መንገደኛ አመላልሳለሁ። የልጅ ልጅዎ ሔቨን ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ በአማርኛ ስንጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልናለች። የእርስዎን ፎቶ ስናሳያት ግን «አባባ» ነው የምትለው።

አባባ፣ ከገና ወዲህ ስደውል ስልክ አያነሡልኝም። ባለሱቋ ዘርፈሽዋል ሁልጊዜ «ወጣ ብለዋል» ትለኛለች። ባለፈው ግን ከጀርባዋ ሳልዎን ሰማሁት። እዚህ ያለው ጓደኛዬ ውድነህም ለገና እናንተ ዘንድ ደርሶ ሲመለስ ያሉትን ሳይሸሽግ ነገረኝ፤ «የእኔ ልጅ ጥይት አበላሽቶ ሽማግሌ ሊገድል ነበር ከምባል ጆሮዬ በደነቆረ» ብለዋል አሉ። ዕድሜዎን ሙሉ በጦር ሠራዊት መሣሪያ ግምጃ ቤት በሠሩ ሰው ላይ ይህ ወሬ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ውድነህ አልዋሸም፤ በዓይኑ ያየውን ነው የነገረዎ። ያላየው ግን አለ። እሱን ደግሞ በስልክ አልነግርዎትም፤ ስልኩ ዘርፈሽዋል ሱቅ ውስጥ ነው፣ ገዢው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልዎ።

ሚስተር ዴል የሚባሉ አሜሪካዊ ሽማግሌ እዚህ ኦሮራ፣ ከሃቫና ስትሪት ጀርባ ጎረቤታችን ነበሩ። ብረት እየቆረጡና እየሞረዱ የማሽን ዕቃ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ታመው አልጋ ሲይዙ አፀደ ነበረች የምታገላብጣቸውና የምታጥባቸው፤ ዓይናቸውን የከደነችውም እሷ ናት። ሴትዮዋ ካረፉ በኋላ ሽማግሌውን ብቻቸውን መተው ከበደን። እሑድ እሑድ ቤታችን ይመጣሉ፤ ሽሮ በማንኪያ ይበላሉ፤ እኔን «ቲጂ» ይሉኛል፤ ተገኝ ማለት አልሆነላቸውም።

እኚህ ሰው በገዛ እጃቸው የሠሩት ጠመንጃ አላቸው። አባባ፣ እርስዎ እንኳ ቢያዩት ይደነቃሉ። ቁመቱ ከሰው ትከሻ ይደርሳል፤ ተኝተው እንጂ ቆመው አይተኩሱትም፤ አንዱ ጥይት ከእጄ አንጓ እስከ ጣቴ ጫፍ ነው። አደን አያድኑበትም። ከኦሮራ ወደ ምሥራቅ ባለው ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ከቤታችን ደጅ እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ያህል የራቀ ወረቀት ላይ ዒላማ ይመታሉ። በየወሩ እንደ እሳቸው ካሉ ወዳጆቻቸው ጋር ይወዳደራሉ፤ ጥይቱንም ራሳቸው ይሞላሉ። ለምን አይገዙም ብዬ ብጠይቃቸው «የሱቅ ጥይት እንደ ሱቅ ጫማ ነው፤ ለሁሉም ይገባል፣ ለማንም ልኩ አይሆንም» አሉኝ።

ጣታቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን እንድማርላቸው ለመኑኝ። አፀደ አልወደደችውም። «የመኖሪያ ወረቀታችን ገና ነው፤ ባሩድ ስትነካ ያየህ ሰው ምን ይላል? ለእኛ መልክ ማን ያዝናል?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ነገር ግን እኒያን እጆች ሳይ እምቢ ማለት አቃተኝ። የዚህን አገር የበረዶ ወራት በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ገራዣቸው ውስጥ ዋልኩ። የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ አጥቦ ማድረቅ፣ በማሽን ጨምቆ ወደ ልኩ መመለስ፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሿን ቀስቃሽ ከታች ማስገባት፣ ባሩዱን በሚዛን መዝኖ ማፍሰስ፣ በመጨረሻ አረሩን ቀጥ አድርጎ መትከል ነው። ሲነግሩት ቀላል ነው። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ስሞላ ባሩዱን ሁለት ሦስቴ እመዝን ነበር። ሚስተር ዴል ባሩድ ሲነካ ሬዲዮ ያጠፋሉ፤ ወሬ አይፈቅዱም። ከሁሉ በላይ የሚያስጠነቅቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ የባሩድ ጣሳ በላይ እንዳይኖር። የትልቁ ጠመንጃ ባሩድ ቀስ ብሎ የሚነድ ነው፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ላይኛው ላይ ያለው የትንሹ ጠመንጃቸው ነው፤ እሱ ፈጥኖ ይነድዳል። ፈጣኑን ባሩድ በዚያ ትልቅ ቀለህ ውስጥ የሞላ ሰው ጠመንጃውን በገዛ ፊቱ ላይ ያፈነዳል።

ባለፈው ሰኔ ለውድድር ስንዘጋጅ፣ የጥይቱን እኩሌታ እንደሞላን አፀደ ደወለች፤ ሔቨን ትኩሳት ይዟት ነበር። «አንተ ሂድ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ» አሉኝ። ሄድኩ። በማግሥቱ ልጅቷ ስለተሻላት በእሳቸው ትራክ ጉዞ ጀመርን፤ ውድነህም ለማየት ጓጉቶ በራሱ መኪና ቀድሞን ሄዶ ነበር። መንገድ ላይ ሚስተር ዴል ደስ ብሏቸው ሲያወሩ፣ «ትናንት ከሄድክ በኋላ ጣሳው አለቀብኝ፤ ደግነቱ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሌላ ነበረኝ» አሉ።

አባባ፣ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ፍጥነት ቀነስኩ። «ላይኛው ነው ያሉኝ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ታችኛው ነው ያልኩት። አትሰማም እንዴ?» አሉ። ከዚያ በፊትም አንዳንድ ነገር አይቼ ዝም ብዬ ነበር። አጥበው የጨረሱትን ቀለህ እንደገና ሲያጥቡ አግኝቻቸዋለሁ፤ ሚስታቸው ሱቅ ሄዳለች ብለው የጠበቁበት ቀንም ነበር። አሁን ግን ዝም የሚባልበት አልነበረም። «ጥይቱን ፈትተን እንየው» አልኳቸው። «ስድስት ወር ሚዛን ስለያዝክ አስተማሪዬ ሆንክ?» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሜዳው ላይ ወዳጆቻቸው እየመጡ አቀፏቸው። አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ ምክር ሲያስፈልጋቸው የሚጠይቁት እሳቸውን ነው። ተራቸው ደረሰና ጠመንጃቸውን ዘርግተው ተኙ። እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው «ጥይት» አሉ። ሣጥኑ በእጄ ነበር። አልሰጠኋቸውም። «ቲጂ፣ ጥይት!» አሉ ጮክ ብለው። ሰው ሁሉ ዞረ። የተኩስ ሜዳው አለቃ መጣና «ችግር አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሚስተር ዴል ከመሬት ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ግን ፍርሃት ነበር አባባ። በዓይናቸው እንዳትናገር ይሉኝ ነበር።

«ጥይቱን የሞላሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ባሩድ ሳልሳሳት አልቀረሁም። ይህን የተኮሰ ሰው ይሞታል።»

ያን ጊዜ የሆነውን ውድነህ ነግሮዎታል። አለቃው ሣጥኑን ዘግቶ አስታቀፈኝና «ሁለተኛ አንተ የነካኸው ጥይት እዚህ ሜዳ እንዳይገባ» አለኝ። አንዱ ሽማግሌ አጠገቤ ምራቁን ተፋ። ውድነህም ክንዴን ይዞ «አንተ ሰው ልትፈጅ ነበር እኮ!» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ወደ ትራኩ ሄድኩ።

ቤት ስንደርስ ገራዡን ከፍተን ጥይቶቹን መፍታት ጀመርን። አረሩን እየነቀልኩ ባሩዱን ነጭ ወረቀት ላይ አፈሰስኩ። የመጀመሪያዎቹ ደኅና ነበሩ፤ የትልቁ ጠመንጃ ባሩድ እንደ ተሰባበረ ፓስታ ዘንግ ዘንግ ያለ ነው። እያንዳንዱ ደኅና ሲወጣ እሳቸው ያዩኛል። በከንቱ ከውድድራቸው አስቀርቻቸው ይሆን እንዴ? ቀጥሎ ያለውን ስፈታው እንደ ጥቁር ጤፍ ያለ ደቃቅ ነገር ተንዠቀዠቀ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። ሚስተር ዴል በመዳፋቸው ዘግነው ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት። ከዚያ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ።

«የሞላሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«አዎ» አልኳቸው።

«ለምን ዋሸህ ታዲያ?»

«ወዳጆችዎ ቆመው ነበር» አልኩ። አመሰግናለሁ አላሉኝም። «እጄ ነው የደከመው ብዬ ነበር የማስበው» አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው፤ ሐኪሙም መርሳት የሚያመጣ በሽታ መሆኑን ነገራቸው። ዕለቱን የባሩዱን ቁም ሣጥን ቆልፈው «ብለምንህም፣ ብሰድብህም እንዳትከፍትልኝ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ወሩ ሳይሞላ ለመኑኝ። እምቢ ስል ደግሞ ሰደቡኝ፤ ሌባ አሉኝ፤ ፖሊስ እጠራለሁ አሉ። ያን ቀን አፀደ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። አልከፈትኩም።

አፀደ እውነቱን ለሰዎቹ ንገራቸው ትላለች፤ «ስምህ እኮ ዕቃ አይደለም፣ አንዴ ከተሰበረ አይጠገንም» ትለኛለች። እኔም የሚከብደኝ ስሙ የእኔ ብቻ አለመሆኑ ነው። የሀይለማርያም ልጅ ነኝና የእርስዎንም ስም ሳላስፈቅድ አብሬ ነው የሰጠሁት። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ያን ሽማግሌ በወዳጆቻቸው ፊት እንዲህ ናቸው ይሉ ነበር? ይፍረዱኝ። አጥፍተሃል ካሉኝ እቀበላለሁ። ግን ሳያውቁ እንዲፈርዱብኝ አልፈለግኩም። ይህን ለውድነህም ለማንም አይንገሩብኝ።

አሁን ሚስተር ዴል ቶርንተን በሚባል ከተማ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ጠመንጃውን ልጃቸው ሸጠችው። ባለፈው እሑድ ሦስታችንም ልንጠይቃቸው ሄድን፤ የልጃቸው እንግዶች ነበሩ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ስሜን ፈልገው አጡት፤ እጄን ግን ይዘው ወደ እንግዶቹ ዞሩና፣ «ይህን ልጅ ታዩታላችሁ? ባሩድ ተሳስቶ ሊገድለኝ ነበር! እኔ ነኝ በጊዜ የነቃሁበት» አሉ። እየዋሹ አልነበረም አባባ፤ ዓይናቸውን አይቻለሁ፣ አምነውታል። እንግዶቹ ሳቁ። አፀደ ልትናገር ብድግ ስትል ቀሚሷን ሳብኳት። እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ግን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ጥሩ ልጅ ነው» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ሚስተር ዴል» አልኳቸው። ጎናቸው ተቀምጬ ሾርባቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ስለ ጨው የጻፍኩትንም ያንብቡላት። ዘርፈሽዋልን ከነልጆቿ፣ ጎረቤታችንን አቶ ሀብቱን ከነቤተሰባቸው ሰላም በሉልኝ። አፀደ እጅ ነሥታለች፤ ሔቨን በራሷ እጅ ስሟን በአማርኛ ልትጽፍልዎ ሞክራ «ሔ»ን ገልብጣዋለች፤ ታች ያለችው ፊደል የእሷ ናት።

ልጅዎ ተገኝ ሀይለማርያም
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
የካቲት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.