በየሚካኤሉ የሚርሰው ፎርክሊፍት

ይድረስ ለምወድዎ እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ያምዎ የነበረው ተሻለዎ ወይ? አባባስ ዓይናቸው እንዴት ነው? የሟች ወንድሜ ልጅ ፀሐይወርቅስ አደገች? ጥርሷን መንቀል ጀምራለች ሲሉ ሰምቼ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ ልጅዎ ክንዱ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከናፍቆታችሁና ከወገቤ በቀር የሚያመኝ የለም። ደሴታችን ደቅ እዚህ ሐይቁ ላይ ሆኖ ሳለ መጥቼ ልስማችሁ አልቻልሁም፤ የጉዞ ወረቀት በጠየቅሁ ቁጥር ሥራ በዛ ይሉኛል።

ይህን ወረቀት ዲያቆን ዳኘው ሲያነብልዎ ሁለታችሁ ብቻ ሁኑ። በፖስታ አላክሁትም፤ ለባለ ታንኳው እጅ በእጅ ነው የሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ እሳት ውስጥ ይክተተው።

ነገሩ ወንድሜን አዘዘን የገደለው ፎርክሊፍት፣ ያ ጭነት ማንሻ መኪና ነው። አዘዘ ዓምና በኅዳር ሚካኤል ፍሬኑን ሳይዝ ወርዶ፣ ጎማ ሊያይ ጎንበስ ሲል መኪናው ተንከባልሎ ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር ካጣበቀው ወዲህ፣ ያው እዚያው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ቆሞ ነበር። ሠራተኛው ስሙን አይጠራውም፤ «ያ ነገር» ነው የሚለው። ጆንያ ተሸክመው በአጠገቡ ሲያልፉ እንኳ ጀርባቸውን አይሰጡትም። የአዘዘ ቆብ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያነሣው ሰው ጠፋ። እኔም አላነሣሁትም፤ ምን እዋሽዎታለሁ።

ዘበኛው ጋሽ አምሐ ደግሞ ሌላ ወሬ አላቸው። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ ሚካኤል በዋለ ቀን ጧት፣ ጎማዎቹ ሥር መሬቱ ርሶ ይገኛል ይላሉ። ያልበዋል እያሉ ይምላሉ። እኔ አረቄውን ይቀንሱ እያልሁ አሾፍባቸው ነበር። በመጋቢት ሚካኤል ማልጄ ሄጄ አየሁት። አገሩ ሁሉ አቧራ ነው፤ አራቱ ጎማዎች ሥር ግን አራት እርጥብ ክብ አለ። ከዚያ ወዲያ ማሾፌን ተውሁ።

በፋሲካ ማግስት ለምርት ዘመቻው ማዳበሪያ ይራገፋልና ያ ነገር ይነሣ ተባለ። በትራክተር ቢጎትቱት አንዱም ጎማ አልዞር አለ፤ አራቱም እንደ ተነከሰ ጥርስ ገጥመዋል። አንድ ጎማ ቢሆን ዝገት ነው ይባል ነበር። አራቱ በአንድ ጊዜ ሲሆን ግን የመጋዘኑ ካድሬ ጓድ ቢያዝን አሻጥር ነው አለ። አሻጥር የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለእርስዎ አልነግርዎትም። ጎማዎቹን በአሥር ቀን ፈትቼ፣ ምን እንደነከሳቸው በጽሑፍ እንዳቀርብ መካኒኩን እኔን አዘዘኝ። የሰው እጅ ካለበት ሰውየውን ስም ጠርተህ ጻፍ አለኝ።

ታኮ አስገብቼ፣ በክሪክ አንሥቼ፣ ናፍጣ እያጠጣሁ ሦስት ቀን ተውሁት። የጎማዎቹ ማሰሪያ ዳዶዎች ረጅም ቱቦ ሰክቼባቸው እየጮኹ ወጡ። ጎማዎቹ ግን ወይ ፍንክች! ሁለቱን በእሳት አግዬ፣ በመዶሻ ደብድቤ፣ ክንዴ እስኪዝል ታግዬ አወለቅኋቸው። ሦስተኛው አዘዘን ያጣበቀው ነው። እሱን አግዬ፣ ደብድቤ፣ ሰድቤም አልሆነልኝም። እኩለ ቀን ላይ ትቼው ከጋሽ አምሐ ጋር ጥላ ሥር ቁጭ አልሁ።

ጎማው ማንም ሳይነካው ጧ ብሎ ተላቀቀ። ከዚያ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ቀይ ውሃ ከውስጡ ይፈስ ጀመር። እየዞረም እንደ ሰው ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ። እናቴ፣ አዘዘ ከሥራ ሲመጣ በር ላይ ሦስት ጊዜ ይስል እንደነበር ያውቃሉ። ሦስት ጊዜ ሳለና ቆመ። የጋለ ብረት ሲበርድ እንደሚላቀቅ፣ የደረቀ ኩሽኔታም እንደሚያጓራ ሙያዬ ነውና አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ያስታወስሁት ግን ኋላ ነው፤ ያን ጊዜስ ሮጥሁ። ጋሽ አምሐ በዚያ ዕድሜያቸው ቀድመውኝ ነበር።

ተመልሼ ሳየው፣ ጎማውን በሚያዞረው ኩሽኔታ ውስጥ ግራሶ የሚባል ቅባት የለም። በግራሶው ፈንታ ከዝገት ጋር ተቦክቶ የደረቀ ግራጫ ጭቃ ሞልቶታል። በፊተኞቹ ሁለቱ ያየሁት ዝገት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ይህን ግን በጣቴ አሽቼ አሸተትሁት። ልጅ ሆነን ራስ ምታት ሲይዘን ግንባራችንን የሚቀቡን እምነት ነው። የሌላ ቤተ ክርስቲያን አመድ ይመስለኝ ዘንድ ደጋግሜ አሸተትሁት፤ አልሆነም። ጎማው ሥር የሚርሰውም ጠበል ነው ማለት ነው፤ ጠበሉም እምነቱም እርስዎ ለአዘዘ ሚስት ለሸጊቱ ከደቅ በየወሩ የሚልኩላት ነው።

ሸጊቱ እኮ እዚያው መጋዘን ጠራጊ ናት፤ ጎህ ሳይቀድ የምትገባው እሷ ብቻ ናት። እሑድ ቤቷ ሄጄ ጠየቅኋት። አልካደችም። መጀመሪያ ጠበሉን የምታፈስሰው የባሏን ደም ልታጥብ ነበር። ኋላ ግን ያ ነገር ቢነሣ ቁልፉ ለማን እንደሚሰጥ አሰበችና እምነቱን በጠበል በጥብጣ ጎማዎቹ ውስጥ ታንቆረቁር ጀመር። የአዘዘ ረዳት የነበርሁ እኔ ነኝ፤ ሌላ መንዳት የሚያውቅ የለም።

«ሚካኤልን የለመንሁት እንዳይነሣ ነው፤ አንተን ደግሞ እንዳልቀብር» አለችኝ።

እኔ ሞኙ በስሕተት ያበላሸችው መስሎኝ ልቆጣት ነበር የሄድሁት። 

አራተኛውንም አውልቄ፣ የሁሉንም ጭቃ በናፍጣ አጥቤ ሐይቁ ውስጥ ደፋሁት። ወረቀቱ ላይ የሐይቁ እርጥበትና ሥራ ፈቶ መቆም ነው ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ጓድ ቢያዝን ሁለት ጊዜ አነበበውና አራቱም በአንድ ጊዜ እንዴት አለኝ። እርጥበት ጎማ አይመርጥም አልሁት። ፈረመ። ብዕሩን ሳያስቀምጥ የፈታኸው አንተ ነህና አንተው ትነዳዋለህ አለ። እምቢ ብል ወረቀቱን ሦስተኛ ያነበዋል። እሺ አልሁት። ፈራሁ እናቴ፤ አሁንም ስጽፍልዎ እየፈራሁ ነው።

ሸጊቱን አይቆጧት። ጠበሉንም አይተውት፤ ይላኩልኝ፣ ለእኔ ለመጠጫ። ከሰኞ ጀምሮ እወጣበታለሁ።

እህቴን ሰገነትን ሳሙልኝ፤ ሠርጓን ለጥር ያድርጉት። ለዲያቆን ዳኘው ምስጋናዬ ይድረሰው። ፀሐይወርቅን ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ ጉንጯን ሳሙልኝ፤ እናቷ ደኅና ናት በሏት። ለአባባ እግራቸውን ስሜያለሁ። ስለ ሥራዬ ቢጠይቁዎ ያ ነገር ተጠገነ ይበሏቸው፤ ማን እንደሚነዳው ግን አይንገሯቸው።

ልጅዎ ክንዱ
ባሕር ዳር፣ ግንቦት ፰ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.