መብረቅ ቀለም አይመርጥም

ለትርንጎ አባት፣ ለአካሌ፤

ከተለያየን ይኸው ስድስተኛው ክረምት ገባ። ነፍስህ እንደምን አለች? ዛሬ ከጉና በኩል ጥቁር ደመና ተነሥቶ ደብረ ታቦርን በበረዶ ቀጥቅጧት አለፈ። የጎረቤቴን ጎመን እንዳልነበረ አድርጎታል፤ አንዲት ዶሮዋንም ገድሎባታል። እኔ ግን እንደ ድሮው አልጋ ሥር አልገባሁም። ተቀምጬ ሹራቤን ስሠራ ነጎድጓዱ በጮኸ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ጎረቤቴ "ሴትዮዋ ለየላት" ብላለች አሉ። ትበል። ደስታዬ ከቤት አልፎ ሰፈር ስላስቸገረ እንግዲህ ለአንተ ልጽፈው ተነሣሁ።

ወሬ ማስረዘም እንደምወድ ታውቃለህና ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። ትርንጎ ሄደች። ክፉ አትጠርጥር፤ ባሕር ማዶ ነው የሄደችው፣ የጁፒተርን መብረቅ ልታጠና። ጁፒተር ፕላኔት ነው፤ ምድራችን አጠገቡ ብትቀመጥ ከድንች ማሳ ዳር እንደወደቀች ጠጠር የምትታይ፣ የሚረገጥ መሬት የሌለው፣ ዳር እስከ ዳር ደመና ብቻ። ያ ደመና ሲጣላ የሚወርደው መብረቅ ከኛው የሚብስ አለበት አለችኝ። ምድርን ዋጥ የሚያደርግ ቀይ ማዕበልም አለው፤ ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ሲናወጥ እስካሁን አልበረደለትም። ልጅህ እንግዲህ ከዚህ ጋር ልትታገል ነው የሄደች።

ያን ቀን የሆነውን አንተ አታውቀውም። ላንተ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፍቷል፤ ለእኔ ነው የቀረው። ስለዚህ ልንገርህ።

ምሳህን ይዤ ሽቅብ ስወጣ ሸንተረሩ ላይ በሬዎቹን አቁመህ ሰማዩን ታያለህ። የሠራሁልህን ቀይ ሹራብ ለብሰሃል። ቁመትህ እንደዚያ ቀን ረዝሞ ታይቶኝ አያውቅም፤ ከኋላህ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ደመና ብቻ። ልጠራህ አፌን ስከፍት ሰማዩ እንደ ደረቅ ግንድ ተሰነጠቀ። ብርሃኑ ዓይኔን ገረፈው፤ ድምፁ አንሥቶ መሬት ላይ አፈረጠኝ። ስነሣ ጆሮዬ አይሰማም። ሁለቱ በሬዎች ከነቀንበራቸው ተዘርረዋል፤ ሞፈሩ ለሁለት ተፈልጧል፤ አንተ በግንባርህ ተደፍተሃል፤ ሹራቡ ጀርባህ ላይ ይጨሳል። በመዳፌ እየደበደብኩ አጠፋሁት። የቆዳህ ሽታ ከእጄ እስኪለቅ ስንት ቀን አጠብኩት መሰለህ። ጠባሳው ግን ዛሬም አለ፤ ክር ሲነካው ያሳክከኛል።

ገና ሳትቀበር ወሬው ተነሣ። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል ይባል የለ እኛ አገር? ታላቅ ወንድምህ፣ ጋሼ ደሳለኝ፣ ለቀስተኛው መሀል ቆመው "ወንድሜን የገደለችው ይቺ ናት፤ ቀይ አልብሳ አስጠራችበት" አሉ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ሳልፍ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብሰብ ያደርጉ ጀመር። አንተንም አልማሩህም፤ "መዓት የወረደበት" ብለው ነበር የሚያነሡህ። በተዝካርህ ዕለት ደግሞ ጋሼ ደሳለኝ በዱላ መጡብኝ። ትከሻዬን ብለውኝ በጉልበቴ ወደቅሁ። "ከዚህ አገር ውጪ፣ ቀሪውን ሳታስፈጂ" አሉኝ። ልጅህን ይዤ፣ የሹራብ መኪናዬን በበቅሎ አስጭኜ ደብረ ታቦር ገባሁ። አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ፤ በሹራብ አደርን።

ቀይ ክር ግን መግዛት ተውኩ። ክር ነጋዴው፣ ሐጂ፣ "ልጄ፣ ሁሉም ቀይ ይጠይቃል፣ አንቺ ለምን ትሸሺያለሽ" ይሉኛል፤ ሒሳቤን ከፍዬ እወጣለሁ። አካሌ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ይህን ታምናለች ወይ ብለህ እንዳትስቅብኝ። አምኜ ነበር። ባሌን በገዛ እጄ ሠርቼ ባለበስኩት ሹራብ ገደልኩት ብዬ ነው እነዚያን ዓመታት የኖርኩት።

ትርንጎ ግን ሬዲዮህን ይዛ ነበር የመጣችው። አንተ ዜና እየሰማህ ሬዲዮው ሲንጣጣ "ዝናብ ሊመጣ ነው፣ በጎቹን አስገቡ" ስትል ትዝ ይልሃል? ያ መንጣጣት የሩቅ መብረቅ ድምፅ ነው አለችኝ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ስትማር። ወደ ጁፒተር የተላከችው መንኮራኩርም በዚያው ዓይነት ድምፅ ነው የዚያን አገር መብረቅ ያወቀችው። ልጅህ ክረምት በመጣ ቁጥር ሬዲዮህ አጠገብ ተቀምጣ ትመዘግብ ጀመር። እኔ ጆሮዬን በትራስ ስደፍን እሷ ጆሮዋን ታስጠጋለች። አንድ ቤት ውስጥ አንዲት የምትሸሽ፣ አንዲት የምታሳድድ።

ከዚያ ደግሞ እድር ገባች። ስሙን ነው እድር የምልህ እኔ። የፕላኔት ተመራማሪዎች በየአገሩ ተበትነው ሳለ አንድ ወሬ በኢሜይል ይላክላቸዋል፤ እኛ ጥሩንባ እንደምናስነፋው። ማን አረፈ፣ የትኛዋ መንኮራኩር ተወነጨፈች፣ የት ስብሰባ ተጠራ፣ ለወጣት የመንገዱን ወጪ የሚችል ማን አለ፣ የት የምርምር ቦታ ተከፈተ፣ ማመልከቻው መቼ ይዘጋል። ሹራቤን እየሠራሁ ታነብልኛለች። ማርስን ሲያጠና ኖሮ የሞተ ሽማግሌ ስም ሲመጣ "ነፍስ ይማር" እላለሁ፤ ምን አለ፣ ዘመድ አይደል። ደግሞ ረጋ ያሉ ሰዎች እንዳይመስሉህ። አንዷን መንኮራኩር ሆን ብለው ከሚበር ቋጥኝ ጋር አላትመው ድቅቅ አደረጓት፤ ቋጥኙ መንገዱን ሲለውጥ ጊዜ እልል አሉ። ሌላዋን ፕላኔቱ ውስጥ ወርውረው፣ እየተቃጠለችም ወሬ እንድትልክ አደረጓት። ይህን ስሰማ "እነዚህስ የጉና ሰዎች ናቸው" አልኩ።

አንድ ቀን ያንን ወሬ ስታነብ ቆየችና ክሩን ከእጄ ነጠቀችኝ። የጁፒተርን ማዕበልና መብረቅ የሚያጠና ሰው እንፈልጋለን ይላል። ከየትም አገር ይሁን ይላል። አመለከተች። የሬዲዮህን መንጣጣት የመዘገበችውን ሁሉ ላከች። ከብዙው ሰው መርጠው በስልክ መስኮት እያዩ ሊጠይቋት ቀን ቆረጡላት።

ወሬ ደግሞ ሽቅብም ይወጣል። ጋሼ ደሳለኝ ሰሙ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ድምፅ እንዳይረብሻት በክር ጆንያዎቼ መሀል ገብታ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ከስልኩ ጋር ተፋጥጣለች። ጥያቄው እንደተጀመረ በረዶው ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር። መብራት ጠፋ። በዚያው ላይ በሩ በዱላ ተደበደበ። "ክፈቺ አንቺ ሴትዮ። አንድ ሰው ለመብረቅ የገበርሽው አይበቃሽም? ደግሞ የወንድሜን ልጅ ልትጨምሪለት?" ይላሉ ጋሼ ደሳለኝ። በሩን በጀርባዬ ደገፍኩት። "ጋሼ፣ ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፤ ይመለሱ" አልኳቸው። "መብረቅን በቀይ ጠርተሽ አስለምደሽው ነው" ሲሉኝ፣ "ጁፒተርም ቀይ ማዕበል አለበት፤ ለእሱስ ማን ሹራብ ሠራለት?" አልኩ። ለካ ራሴን አሳልፌ ሰጠሁ። "ይኸው፣ ቀይ ነው አለች። በአፏ መሰከረች" ብለው በሩን በትከሻቸው መቱት።

ማጠፊያው ተነቅሎ እኔና በሩ አብረን ወደቅን። ላዬ ላይ ተሻግረው ሊገቡ ሲሉ እግራቸውን ያዝኩ። እሳቸውም ወደቁ። ደጁ ላይ በረዶ እየቀጠቀጠን ተያያዝን፤ አንዴ እሳቸው ከላይ፣ አንዴ እኔ። ዱላውን አልለቅ ሲሉኝ "ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ" ብዬ እጃቸውን ነከስኩት። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። ዱላውን ቀማሁ። መቼም በአንቱታ እየተጠራሩ እንደዚያ የተደባደበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

መብረቁ የወረደው ያን ጊዜ ነው። ጎረቤት አጥር ውስጥ ያለውን ረጅሙን ባሕር ዛፍ ከአናቱ እስከ ሥሩ ቀደደው። ልጡ እንደ ጅራፍ ተፈትሎ ግድግዳችንን መታው። እኔ ጭቃው ላይ ተዘረርኩ። ጋሼ ደሳለኝ ብብቴን ይዘው ጎትተው ወደ ቤት አስገቡኝ፤ ዱላው በእጄ እንዳለ። ሁለታችንም ጆንያው ሥር ተኮራመትን።

ጆሮዬ ሲመለስ የትርንጎ ድምፅ ነው የሰማሁት። ከጋቢው ሥር፣ በእንግሊዝኛ፣ ሳይንቀጠቀጥ። ለካ ጠያቂዎቹም ፍንዳታውን በስልኩ ሰምተው ደንግጠው ኖሯል። እነሱ "ከዚህ ሁሉ ለምን መብረቅን መረጥሽ?" ብለዋት እየመለሰች ነው። ጋሼ ደሳለኝ በክርናቸው ነካ አድርገው "ምን ትላለች?" አሉኝ። የድሮ እንግሊዝኛዬ አልከዳኝም፤ በሹክሹክታ ተረጎምኩላቸው። "አባቴ በዚያ ሸንተረር ላይ ከቆመው ሁሉ ረጅሙ ነበር ትላለች። መብረቅ ከፍ ያለውን ነው የሚፈልገው፤ ቀለም አይመርጥም ትላለች።"

ያኔ ነው እኔ ራሴ የሰማሁት። ለሳቸው ስተረጉም። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ነግራኝ ነበር፤ ልጅ እናቷን ልታጽናና የምትለው እየመሰለኝ አልፈዋለሁ። ለማያውቋት ለፈረንጆች ስትናገረው ግን እውነት ሆነብኝ። የበራችንን ጉበን ስንቴ በግንባርህ መታኸው አካሌ፤ ስንቴ ጎንበስ በል አልኩህ።

ጋሼ ደሳለኝ የተነከሰ እጃቸውን ታቀፉ። "ቀኑ የኔ ነበር" አሉ። አልገባኝም። አንተ አንድ በሬ፣ እሳቸው አንድ በሬ፣ አቀናጅታችሁ በተራ ታርሱ የለ? ያን ቀን ተራው የሳቸው ነበር። አንበሳሜ ገበያ መውረድ አምሯቸው "ወንድሜ፣ የዛሬውን አንተ እረስ፣ የነገውን እኔ" ብለው ለመኑህ። ለእኔም አልነገርከኝም። "ያን ቀን የለበስኩት ግራጫ ነበር፤ ቁመቴ ግን ከሱ ይበልጣል" አሉኝ። "ቀዩ ካልጠራው በኔ ፋንታ ነዋ የሞተው። ቀዩ ነው ካላልኩ በምን እኖራለሁ?"

ዱላው በእጄ ነው፤ እውነቱን ልንገርህ፣ መታኋቸው። እኔን የመቱኝ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እዚያው ላይ አሳረፍኩት። አንድ ጊዜ ብቻ። ዘወርም አላሉ። ከዚያ ደረቅ ጋቢ አለበስኳቸው፤ እጃቸውንም አጥቤ አሰርኩላቸው። ሁለታችንም ስቅስቅ ብለን አለቀስን። ትርንጎ ጨርሳ ብቅ ስትል በሩ መሬት ላይ፣ አጎቷ በጋቢ፣ እናቷ በጭቃና በደም። "ኧረ እኔ ነኝ ፈተና ላይ የነበርኩት" አለች።

ወሰዷት። መልሱ ሲመጣ እልልታዬ ገበያ ድረስ ተሰማ። ሐጂ ዘንድ ሄጄ ቀይ ክር በጆንያ ስገዛ ሽማግሌው ምንም አልጠየቁኝም፤ አንድ ጥቅል መረቁልኝ። ጋሼ ደሳለኝ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ መሀል ቆመው የተራውን ነገር ተናገሩ፤ "እሷ አልገደለችውም፤ ወንድሜም መዓት አልወረደበትም፤ በኔ ቦታ ቆሞ ነው" አሉ። አሁን ደመና ሲያጉረመርም ሸንተረሩን እየዞሩ አራሹን በዱላ እያባረሩ ያወርዱታል። ይሰድቧቸዋል፤ ይወርዳል ግን። ወደ ቀድሞ ቀያችን ስወጣ ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ነጠላ አይሰበስቡም። ጋሼን ይቅር አልኳቸው? እየሞከርኩ ነው።

ትላንት ትርንጎ ደወለች። እዚያ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው አሉ። ሥራ ስትገባ ያንተን ስም ነው የሚጠሯት፤ ምላሳቸው እየተሳሰረ "አላባሻው፣ አላባሻው" ይሏታል። ስለ ጁፒተር መብረቅ የምትጽፈውም በዚያው ስም ነው የሚወጣው። "እማ፣ ስሜ ትርንጎ ነው ልበላቸው?" አለችኝ። "ተያቸው፣ ይጥሩት" አልኳት።

እናቴ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም ብላ አሳድጋኝ፣ አብረን በኖርንበት ዘመን አካሌ ከማለት በቀር አንድ ቀን በስምህ ጠርቼህ አላውቅም። ከሞትክ በኋላም መዓት የወረደበት ሲሉህ ስምህ ይህ ነው ብዬ አፋቸው ላይ አልመለስኩትም። ከእንግዲህ ግን የባዕድ ሰው ከኔ ቀድሞ አይጠራህም። በሕይወት እስካለሁ፣ በየቀኑ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራሃለሁ።

አለባቸው። አልረሳህም፣ አለባቸው።

ሚስትህ ጥሩወርቅ