እትዬ ታየችን በቁማቸው ስለገደለው ኮምፒውተር

ለክቡር አቶ አንተነህ
የእደ ጥበብ ውጤቶች ማስተዋወቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ ከምሳ በኋላ የሚጫጫንዎት ነገርስ ተሻለዎት? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። እትዬ ታየችም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም በሕይወት አሉ። ይህን የምጠቅሰው ጽሕፈት ቤትዎ ከዚህ የተለየ መረጃ ስላሰራጨ ነው።

እኔ ሂዊ ነኝ፤ ሰሞኑን በላኩልኝ ደብዳቤ «ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች ግለሰብ» ያሉኝ። ስሜን ሳይጠሩ ይህን ያህል በትክክል ስላስተዋወቁኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። እትዬ ታየች ሮብ ገበያ ላይ የበግ ፀጉር እየፈተሉ ባና የሚያሠሩ የአሥራ አራት ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ባሕር ዳር ለሚደረገው ኤግዚቢሽን ለመመዝገብ ማኅበሩ ድረ ገጽ ይኑረው፣ ድረ ገጹም በጽሕፈት ቤትዎ ይጽደቅ ተባለ። ምዝገባው የሚዘጋው የፊታችን ዓርብ ነው። ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለፈው እርስዎ ግቢ በተደረገው ባዛር ላይ እትዬ ታየችን ባና ተከናንበው አንስቻቸው ነበርና ያንን ፎቶ ተጠቀምኩ። ከጀርባቸው የነበረው ነገር ለሰው የሚያሳዩት ስላልሆነ በአክብሮት ቆርጬ አወጣሁት፤ ምን እንደነበረ እመለስበታለሁ። ጀርባው ሲወጣ ቦታው ባዶ ይሆንና የገጹ ቀለም ያልፍበታል፤ አረንጓዴ ላይ ሲቀመጡ ጮቄ ተራራ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። የአጎቴ የተሰነጠቀ ስልክ እንኳ ሳይቸገር ያሳየዋል።

ቅሬታ በተራ ቁጥር ካልሆነ እንደማትቀበሉ ስለማውቅ እነሆ በተራ ቁጥር፦

፩. ገጹን የመረመራችሁበት የቢሮ ቁጥር ሰባት ኮምፒውተር ብሮውዘሩ ከእኔ ጋር እኩያ ነው። እኔ ግን ቢያንስ አድጌያለሁ። በባዶው የፎቶ ጀርባ ቀለም ማሳለፍ ስለማያውቅበት ድፍን አድርጎ በጥቁር ሞላው። ንብረቱን የተረከበውን አንሙትን «አድሰው» ስለው «እኔ የተረከብኩት እንዲህ ሆኖ ነው፤ ነገ ርክክብ ሲመጣ ነገሩ ተቀይሯል ቢሉኝ አንቺ ትመጪልኛለሽ?» አለኝ። ንብረት እንዲህ የሚጠብቅ ሰው በማግኘታችን ወረዳው ሊኮራ ይገባዋል።

፪. የጽሕፈት ቤትዎ አጽዳቂ ኮሚቴ ድረ ገጽ የሚመረምረው አትሞ መሆኑን ሳውቅ ተደንቄያለሁ። ገጹ ታተመ፣ አምስት ሰው ፈረመበት፣ ማኅተም አረፈበት፣ ሕዝብ አስተያየት ይስጥበት ተብሎም ለሰባት ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ጥቁር መደብ፣ መሃሉ ላይ የእትዬ ታየች ፊት፣ ሥሩ «ወ/ሮ ታየች፣ የማኅበሩ መሥራች»፣ ከዚያ ክብ ማኅተም። እርስዎ ይህን ቢያዩ «ድረ ገጽ ነው» ይላሉ?

፫. ጋሽ አበባውም አላሉም። ጋሽ አበባው የእትዬ ታየች ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከይጁቤ ለሌላ ጉዳይ ቢሮዎ መጥተው ሰሌዳውን አዩት። ዘበኛውን «መቼ ነው?» ብለው ሲጠይቁት የተለጠፈበትን ቀን የጠየቁት መስሎት «ሰኞ» አላቸው። እየተንሰቀሰቁ ሄደው ዘመድ ሰበሰቡ። ረቡዕ እትዬ ታየች ከገበያ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ የእድር ድንኳን ተተክሎ አገኙ። ለቅሶ የሚያውቁ ሴት ናቸውና ሸክማቸውን አውርደው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ወይኔ! ማንን አጣን!» እያሉ ገቡ። ግማሹ ለቅስተኛ አጥር ዘሎ ሄደ። ጋሽ አበባው ግን አልሸሹም፤ እህታቸውን ከላይ እስከ ታች አይተው «ማኅተም እኮ አለበት!» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ሕዝቡ በማኅተምዎ ላይ ያለው እምነት ይህን ያህል ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት።

፬. ይቅርታ ስጠብቅ የደረሰኝ ትእዛዝ ነው፦ «ጥቁሩን አንጽታ እስክታቀርብ ማጽደቁ ታግዷል»። የቱን ጥቁር? እኔ ያስገባሁት ጥቁር የለም! ቢሮ ቁጥር ሰባት ያለውን ነው እንዴ አጥቤ የማመጣው?

ይቅርታ፣ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ያቋረጠ ሰው እንዲህ ነው።

ንዴቴ ስለ ራሴ ቢሆን እተወው ነበር። እትዬ ታየች ግን ትናንት መጥተው «ልጄ፣ እኔን ከፈለጉ ይቅበሩኝ፤ ሴቶቹ ብቻ ባሕር ዳር ይግቡልኝ» አሉኝ። አንድ ክረምት ሙሉ ሲፈትሉ የከረሙ አሥራ አራት ሴቶች በአንድ አሮጌ ብሮውዘር ምክንያት ሊቀሩ ነው። ስለዚህ ትእዛዝዎን በሙሉ ልብ ፈጽሜያለሁ። አሁን ገጹ ሁለት ፎቶ አለው፤ ብሮውዘሩ የቻለውን ይመርጣል። አዲስ የሆነው ጀርባ የሌለውን ያወጣል፤ ባዶ ቦታ ማሳለፍ ያቃተው ደግሞ ጀርባ ያለውን ያወጣል። ከእንግዲህ የትም ቦታ፣ ቢሮ ቁጥር ሰባትም ቢሆን፣ ጥቁር አይታይም።

የተሰጣትን ትእዛዝ ከተሰጣት በላይ የፈጸመች፣ እርስዎን በጸሎቷም በኮምፒውተሯም የማትረሳ፣ ጫማዎን ለመሳም ጎንበስ ያላለች፣ ግን በልቧ ያሰበች ትሑት ታዛዥዎ፣

ሂዊ፣ ከአሥረኛ ክፍል

ማስታወሻ፦ ጥቁሩ ይጥፋ ስላላችሁ ለሁለተኛው ፎቶ የራሱን ጀርባ መለስኩለት። ከእትዬ ታየች ትከሻ በላይ እርስዎ ነዎት፦ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ባጅዎ አንገትዎ ላይ፣ አፍዎ እንደተከፈተ፣ ለሽያጭ የመጣ ባና ከነዋጋ ምልክቱ ተከናንበው፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ። ባናው እንደሚሞቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘንም። አዲስ ብሮውዘር ያለው ሰው እትዬ ታየችን ብቻ ነው የሚያየው፤ አብራችሁ የምትታዩት ቢሮ ቁጥር ሰባት ላይ ነው፤ ከዚያ በደንቡ መሠረት ይታተማል፣ አምስት ሰው ይፈርምበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ለሰባት ቀን ይለጠፋል። ብሮውዘር ለማደስ አንሙት አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ዓርብ በጠዋት ለማጽደቂያው እንመጣለን፤ እትዬ ታየችም በእግራቸው።