ምላሴን ይዤ ወደ ሰማይ

ይድረስ ለወንድሜ ለአባ ወልደ ሐዋርያት፣ ኢየሩሳሌም።

እንዴት ነዎት አባቴ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የገዳሙ ደረጃ አሁንም ያስቸግርዎታል? የላክሁት ጋቢ ደረሰዎት? አብረውዎት ያሉት አባቶችስ ትንሣኤውን በደስታ ዋሉ? እኔ በጸሎታችሁ ከዓይኔ መድከም በቀር ደኅና ነኝ፤ መነጽሬን አድርጌ አሁንም አነባለሁ። ጣና ውኃው ሸሽቶ ዝናቡን እየጠበቅን ነው። ይህን በስልክ ልነግርዎ ነበር፤ ድምፅዎን ስሰማ ግን አፌ ስለሚያዝ ጻፍሁት።

በጾሙ መግቢያ የጠየቅሁዎትን ያስታውሳሉ? በመንግሥተ ሰማያት ሰው ፈቃዱ አብሮት ይኖራል ወይ ብዬዎት ነበር። ከኖረ ምላሴም አብሮኝ ገባ ማለት ነው፤ ባሌን ገድሉን እዚያም አስቀይመዋለሁ። ከተወሰደብኝ ደግሞ ደስ የሚላት እኔ አይደለሁም፤ ግድግዳ ላይ እንደ ተሳለች ሴት ዝም ብላ የምትስቅ ሌላ ናት። እርስዎም መላእክት ፈቃዳቸውን ማንም አልወሰደባቸውም፣ የእግዚአብሔርን ፊት አይተው ጠገቡ እንጂ አሉኝ። ቃሉ አማረኝ፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። ያችን ጧት ያውቋታል። ገድሉ ታንኳው ላይ እንጨት ጭኖ ሊሄድ ሲል ከደጅ ተመልሶ፣ ወለቴ፣ ለትናንቱ ይቅር በይኝ አለኝ፤ እኔ ፊቴን አዞርሁ። ነፋሱ ታንኳውን ገለበጠው፤ በዚያው ሞተ። የነፍስ አባቴ ቢፈቱኝም ከዚያ ወዲህ ሳልቆርብ ኖርሁ፤ እሱ ያለበትን አገር መመኘት ፈርቼ ነው።

አሁን የሆነውን ይስሙኝ። ከትንሣኤ በኋላ በአንዱ ረቡዕ፣ ሃምሳው ቀን ጾም እንደሌለበት ረስቼ ስጾም ዋልሁ። ጎረቤቴ ሰሊማ፣ የዓሣ አጥማጁ ሚስት፣ ብቅ ብላ የትናንቱ ወጥ በድስቱ እንደ ተከደነ አየችና ሳቀችብኝ። አንች ሴትዮ፣ ፋሲካችሁ መቼ አለቀ? ማን ከለከለሽ? አለችኝ። ማንም፣ አልኋት። ወጡ ከፊቴ ነው፣ ከልካይ የለኝም፣ ግን አላማረኝም፤ አልከፋኝምም። ልማድ ነው ብዬ ተውሁት።

በዚያው ሰዓት የገድሉ እህት እናትዓለም መጣች። ወንድሟን ከቀበርን ጀምሮ የምትለኝን ያንኑ ከደጅ ቆማ ጀመረች፤ ወንድሜን ያለ ደግ ቃል ሸኝተሽ አንች ወጥ ትሠሪያለሽ! አለችኝ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ እንጨቱስ ለማን ቤት ነበር? የሚለው። ቤት የምትሠራው እሷ ነበረች፤ ሁልጊዜም የምወጋት በዚሁ ነው። አፌን የያዘኝ አልነበረም። ቃሉም አልጠፋኝ። ግን ቀና ብዬ ባያት ግንባሯ የገድሉ ግንባር ነው፤ ደክሟታል። መልሱን አልፈለግሁትም። ዋጥሁት ማለቴ አይደለም አባቴ፤ የዋጡት ነገር ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እናትዓለም፣ ግቢ፣ እኔም ገና አልበላሁም አልኋት።

እሷም ቆመችና፣ ዛሬ የእንጨቱን ነገር አትይኝም እንዴ? አለች። አልልሽም፣ አልሁ። ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ወጡን አሞቅሁ፤ ሰሊማ የእኛን ሥጋ ስለማትበላ እጃችንን አስታጠበችንና፣ በሉ ጾመኞች፣ ሳይቀዘቅዝ! እያለች ሳቀች። ከአንድ ትሪ በላን።

ያን ጊዜ ገባኝ። እንደዚያች ሰዓት ነፃ ሆኜ አላውቅም፤ እንደዚያችም ሰዓት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሁለቱ አልተጣሉም። ምላሴ አብሮኝ ይግባ! ገድሉን ፊት ለፊት እያየሁ ክፉውን ቃል ማን ይፈልገዋል? እዚህ ለአንድ ከሰዓት የሆነልኝ እዚያ አይመሽበትም።

ትናንት በዕርገት ቆረብሁ። ከቅዳሴ ስወጣ እልል ያልሁት እኔው ነኝ፤ ከቤተ ክርስቲያን ጥግ ዝም ብላ የምትቆመው እህትዎ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ደገምሁት።

አብረውዎት ላሉት አባቶች ሁሉ፣ ለበረኛውም ለሽማግሌው፣ ጉልበታቸውን ስማ ተሳልማለች ይበሉልኝ። ሰሊማ ከነባሏ ሰላም ትላለች። እናትዓለምም ሰላም ብላዎታለች፤ አዎ፣ እናትዓለም። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ስሜን ገና አልጻፍሽውም እያለች ትጨቀጭቀኛለች።

እህትዎ ወለተ ኪዳን
ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
ግንቦት ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.