ከጠርዙ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ለመቆም የቀረበ ልመና

ለተከበሩ የፊልም ቀረጻ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ባልደረቦችዎንም በሙሉ ጤንነት፣ እግራችሁም መሬት ረግጦ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሬዲዮ መጠገን ለራሴ ያስተማርኩ፣ ዕድሜዬን በዘመድ አዝማዱ ላይ ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን የምጽፍልዎ ከዘመዶቼ ስለ አንዷ ነው። የእህቴ ልጅ ከአራት ጓደኞቿ ጋር በራሷ አቅም በምትሠራው ፊልም ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት በአሮጌው ዱቄት ፋብሪካ ጣሪያ ጠርዝ ላይ፣ ከሦስት ፎቅ በላይ ቆማ እንድትቀረጽ ስለፈቀዳችሁላት ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1. ቅጻችሁ የካሜራውን መለያ ቁጥርና የወንበሮቹን ብዛት ሲጠይቅ፣ ስለ ጣሪያው መከለያ ብረት አንዲት ቃል ባለመጠየቁ ሥራችሁ ምን ያህል እንደቀለለ ይገባኛል። ብረቱን ሄጄ ነካሁት፤ እንደ ላላ ጥርስ ወዲያና ወዲህ አለ።

2. «የደህንነት ኃላፊ» የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ አንቀበልም ስላላችኋት፣ ልጅቷ እዚያው መስኮታችሁ ላይ ቆማ የእኔን ስም ጻፈች፤ እናንተም ማኅተም አሳረፋችሁበት። አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ስወጣ ደግፈው የሚይዙኝን ሰው በአንድ ማኅተም የከፍታ ባለሙያ ስላደረጋችሁት ውለታችሁ አለብኝ።

3. ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰኞው ውሳኔያችሁ ነው። ብረቱን ካየሁ በኋላ ሁለት ቀን ለምኜያት፣ «እሺ ጋሼ፣ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ እቆማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን እባክህ ተወኝ» ብላኝ ነበር። ሠራተኛችሁ በታላቅ ትሕትና እንዳስረዳችን ግን፣ ፈቃዱ «ጠርዝ ላይ» ስለሚል ወደ ኋላ ማለት የቦታ ለውጥ ነው፤ የቦታ ለውጥ አዲስ ማመልከቻና የሁለት ወር ጥበቃ ይፈልጋል፤ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ከቀረጹ ደግሞ ካሜራው ይወረሳል። ካሜራው የሰው ነው፤ ፋብሪካውም በሚቀጥለው ሳምንት ይፈርሳል። ስለዚህ ልጅቷ በሕጉ መሠረት ወደ ጠርዙ ተመልሳለች።

የእኔ ድርሻ ወገቧ ላይ የሚታሰረውን ገመድ መያዝ ነው። ትናንት በግቢያችን ከውኃ በርሜል ጋር አስሬ ተለማመድኩ፤ በርሜሉ እኔን ጎተተኝ። እናቷ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ምሳ ስታቀርብልኝ «አንተ ካለህበት እኔ ምን ያሳስበኛል» አለችኝ፣ እኔም ጉርሻውን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

ክቡርነትዎ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። «ጠርዝ ላይ» የሚለውን ሰርዘው «ከጠርዙ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ» ብለው እንዲጽፉልን እለምንዎታለሁ። እስክሪብቶውን ይዤ ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ በርዎ ላይ እቆማለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በእናንተው ማኅተም የተሾመ፣ ቁልቁል ማየት የማይችለው የደህንነት ኃላፊ፣
የልጅቷ አጎት

ማሳሰቢያ፦ አደጋ ቢደርስ የሚመለከተው የትኛው መስኮት እንደሆነ አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። ሠራተኛዋ ሦስት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዤ እንድመጣ በትሕትና ነገረችኝ፤ የእኔን ይሁን የልጅቷን ግን አልነገረችኝም።