የሁለት ልጆች ክኒን

ለተወደድሽ እህቴ ለታቢታ፣

እንደምን ከርመሻል? ጆሃንስበርግ ብርዱ ወጣላችሁ ወይስ አሁንም ሱቅ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልለሽ ነው የምትውዪው? ባለቤትሽ አልአዛር ወገቡ ተሻለው? ልጃችሁ ሮቢ አማርኛውን ሳይረሳ እያደገ ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። «ሁላችንም» ስል እማዬንም ጨምሬ ነው፤ አውቄ ነው የጻፍኩት። ስለዚህ መጀመሪያ ተንፍሺ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለተቆጣሁ ነው። እኔ ስቆጣ ድምፄ እንጂ ነገሩ አይሰማም። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ለእማዬ የምትልኪውን ዕቃ የሚያመጣው ያው በርናባስ ነው፤ እሱንም ተቆጥቼዋለሁ።

እማዬ በስልክ በሟች አክስታችን ስም «ብርሃነሽ» ብላ የጠራችሽ ቀን አልቅሰሽ እንደዘጋሽ አውቃለሁ። ሱቁን ትተሽ ልትመጪ መነሳትሽንም ባለቤቴ ሂሩት ነግራኛለች። እዚህም ወሬው ያው ነበር። የቤተ ክርስቲያን እናቶች ሊጸልዩላት መጥተው «እርጅና ነው፣ ተቀበሉት» አሉን። አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ቤቷ ተዘግቶ ታቦር ሰፈር እኛ ዘንድ ትምጣ ተባለ። እሷ ደግሞ «ከዚህ ቤት የምወጣው በሳጥን ነው» ብላ በሩን ቆለፈች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ በነርስነት ጤና ጣቢያ በሽተኛ ስመረምር ጸጉሬ ሸብቷል፤ እርጅና የሚባል በሽታ ግን ማንም አላስተማረኝም። ደህና የነበረ ሰው በአንድ ክረምት አይጃጅም።

ነገሩ የጀመረው ከእግሯ ነው። እግሯ ሲያብጥ ጎረቤት ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዳት፤ እዚያ ምን እንደምትውጥ ሳይጠይቁ ሽንት የሚያበዛ ክኒን አዘዙላት። ከዚያ ማዞሩ መጣ፣ ቀጥሎ መውደቁ፣ ቀጥሎ መዘባረቁ። ለማዞሩ ደግሞ ሌላ ክኒን ተጨመረ። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው። ታቢታ፣ መጨመር ሁሉም ያውቃል፤ መቀነስ የሚደፍር የለም። በሽተኛውም ባዶ እጁን ከወጣ የታከመ አይመስለውም።

አንድ ጠዋት ጋደም እንዳለች የደም ግፊቷን ለካሁት፤ ደህና ነው። አስነስቼ ስለካው ቁልቁል ወረደ፣ እሷም ተንገዳግዳ ክንዴን ያዘች። ጤና ጣቢያው የሚሰጣት አንዲት ክኒን ብቻዋን ይህን አታደርግም። የምትደብቀኝ ነገር አለ ብዬ ጠየቅኳት። «እናትህ ነኝ እንጂ በሽተኛህ አይደለሁም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሰው የገዛ እናቱን ሊያክም አይገባውም። ስለዚህ ወስጄ ለሥራ ባልደረባዬ ለሩሀማ አስረከብኳት።

ሩሀማ ለልምምድ ስትመጣ ያሠለጠንኳት ነርስ ናት፤ ዛሬ አፏ ከእኔ ይብሳል። ስለ ግፊቱ ነግሬያት ስቀጥል «ጋሽ ሙሴ፣ ዛሬ አስታማሚ ነዎት፤ አስታማሚ ውጭ ነው የሚጠብቀው» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። በሩ ስስ ነው፣ እኔም አልራቅኩም። «እማማ፣ ልጅዎ ቁጡ ነው አይደል?» አለቻት። «ሲወለድም እየተቆጣ ነው» አለች እማዬ። ተያይዘው ሳቁብኝ። ሩሀማ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሳቁ ሳይበርድ እማዬ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታ አሳየቻት። አንቺ የላክሽው ክኒን ነበር።

የአንቺም የእኛም ክኒን አንድ የግፊት መድኃኒት ነው፤ የሚለየው ካርቶኑና የወጣለት ስም ነው። የእኔን ጠዋት፣ የአንቺን ማታ ትውጥ ነበር። «የሙሴን ብተው ሙሴ ይጮህብኛል፤ የታቢታን ብተው ልጄ በሰው አገር ለከንቱ ደከመች። ሁለቱም ልጆቼ ናቸው» አለች። እግሯን ያሳበጠው ድርብ የሆነው መድኃኒት ነው፤ የመድኃኒቱን ጠባይ በሽታ ብለው ሌላ ሲጨምሩበት ውሃዋ ተሟጠጠ።

እኔ ገብቼ ሁሉም ዛሬውኑ ይጣል አልኩ። ሩሀማ አልተስማማችም። «ግፊቷ እውነተኛ ነው፤ ሁሉን አቁመን ሌላ ጣጣ እናምጣ?» አለችኝ። ሽንት የሚያበዛውንና የማዞሩን አስቆመች፣ ከመንታዎቹ ክኒኖች የጤና ጣቢያውን ብቻ እንድትቀጥል አደረገች፣ ለኩላሊትና ለጨው ምርመራ ደም ወሰደች፣ በየሳምንቱ ተኝታም ቆማም እንድትለካ ቀጠረቻት። ተከራክሬ ተከራክሬ ልክ ስለሆነች ተስማማሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ግን ስትሮክ ቢሆንስ፣ ተሳስተን ቢሆንስ እያልኩ ፈርቻለሁ።

ኩላሊቷ ደህና ነው። በደሟ ያለው ጨው ግን ወርዶ ነበር፤ ያዘባረቃት እሱ ነው፤ አሁን ተስተካከለ። እግሯ ጎደለ፣ ጫማዋ ገባላት። ባለፈው እሁድ ያለ ደጋፊ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ለጸሎት የመጡትን እናቶች በየስማቸው እየጠራች «ጃጅታለች ያልሽው አንቺ ነሽ?» ስትላቸው ዋለች። ቤቷም አልተዘጋም።

አሁን ቁጣዬን ስሚ። መድኃኒት እንደ ሽቶ በሰው ሻንጣ አይላክም። ልብሽን አውቃለሁ፤ ግን አንድ ቃል ብትነግሪኝ ኖሮ እናታችን ወለል ላይ ባልወደቀች ነበር። ከእንግዲህ ምንም ክኒን እንዳትልኪ። መምጣቱን ግን አልከለክልሽም፤ ፈርተሽ አትምጪ እንጂ ናፍቀሽ ነይ።

ክኒንሽን ወስጄ ካርቶኑን ልጥል ስል እማዬ ነጠቀችኝ። ባዶውን ትራሷ ሥር አስቀምጣዋለች። ተውኩላት፤ ባዶ ካርቶን ግፊት አያወርድም።

አልአዛርን «ሙሴ ከባድ ዕቃ አታንሳ ብሎሃል» በዪልኝ። ሮቢን ሳሚልኝ። ሂሩት በጣም ናፍቀሻታል። ሩሀማም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። እማዬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። «ስሟን ጽፈሃል?» አለችኝ። ጽፌያለሁ ብላት አላመነችኝም፤ መነጽሯን አድርጋ ከላይ ያለውን በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችው፦ ታቢታ።

ወንድምሽ ሙሴ
ሀዋሳ፣ ታቦር
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.